በመሐረብ የተቋጠረች መርፌ

በእኛ ጊዜ የሸራ መስፊያ መኪና ያለው ሰው ማታ ቤቱን ቆልፎ ብቻ አይሄድም፤ የመኪናዋን መርፌ ነቅሎ በኪሱ ይዞ ነው የሚሄደው። ቆይ ግን ሐያት፣ ያቺ ቀይ መብራት ምንድናት? ድምፄን እየቀዳች ነው? የት ልትወስጂው ነው? እሺ፣ ለራስሽ ከሆነ እሺ። የከድር ልጅ ባትሆኚ አንድ ቃል አልተነፍስም ነበር። ታደለ ተጠራጣሪ ነው ይሉኛል አይደል? ነኝ! አባትሽም አሳምሮ ያውቀዋል። የምነግርሽም እሱኑ ነው።

እና ይሄ መርፌ ነቅሎ መሄድ ከየት መጣ አትይኝም? ከማኅበር ነው የመጣው። በደርግ ጊዜ በልብስ ሰፊዎች ማኅበር ታቅፈን ሃያ ምናምን ሆነን ባንድ አዳራሽ እንሠራ ነበር፣ መለዋወጫ የሚባል ነገር የለም፣ እና ያንዱ መኪና ሲሰበር የሌላውን ፈትቶ መግጠም ነው። ጠዋት ትመጫለሽ፣ ትናንት ደህና የነበረች መኪናሽ አንድ ቡሎን ጎድሏታል። "ማነው የወሰደው?" ትያለሽ። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይሰፋል። ታዲያ ሁላችንም ዘዴ አበጀን፤ አንዱ ቺንጋውን፣ መዘውሩን የሚያዞረውን ጠፍር፣ ጠቅልሎ ወገቡ ላይ ያስራል፣ አንዱ ማጠንጠኛውን ይዞ ይሄዳል፣ እኔ መርፌዋን። መርፌ የሌላት መኪና ብረት ናት፣ ማን ይነካታል? በመሐረብ እቋጥርና በውስጥ ኪሴ እከታታለሁ፣ ቤቴ ስደርስ ከትራሴ ስር ነው። አስካለ፣ ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "ከእኔ ይልቅ ከመርፌ ጋር ነው የምትተኛው" ትለኝ ነበር።

መንግሥት ሲለወጥ ማኅበሩ ተበተነ። እኔም ከጎፋ ወደ ላፍቶ በሚወርደው መንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ቤት ተከራየሁ። ላፍቶ ያኔ እንዳሁኑ እንዳይመስልሽ፣ እርሻ ነበር፤ ከደጃፌ ቆሜ ጤፍ ሲታጨድ አያለሁ። ሥራው ግን ነበረ፤ የጭነት መኪና ሸራ፣ የመኪና ወንበር፣ ድንኳን፣ የጆንያ አፍ። መኪናዋን የገዛኋት ኮርቻ ይሰፋ ከነበረ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ቤት ነው። ከእኔ ዕድሜ ትበልጣለች፣ አራት ሰው ሆነን ነው የተሸከምናት። አራት እጥፍ ሸራ፣ በላዩ ላይ ቆዳ ደርበሽ ብትሰጫት፣ ዱብ ዱብ ዱብ እያለች ትበሳዋለች እንጂ እምቢ አትልም። አሮጊቷ እንላታለን፣ እኔና አባትሽ።

አባትሽ የመጣው በዓመቱ ነው። ከስልጤ መጥቶ መርካቶ ውስጥ ድንኳን ሲቀድ የኖረ ልጅ እግር ሰው ነበር፣ መቀስ ሲይዝ እጁ አይንቀጠቀጥም፣ አንድ ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ ይቆርጣል። "ጋሼ፣ እርስዎ ይስፉ፣ እኔ ልቅደድ፣ የገመድ ማስገቢያውን ቀለበትም እኔ እመታለሁ" አለኝ። ተስማማን። መኪናዋን ግን አትነካም አልኩት። "እሺ ጋሼ" አለ። ቶሎ እሺ ማለቱ ራሱ አልጣመኝም። ሰው እንዴት ያለ ክርክር እሺ ይላል? ትስቂያለሽ አንቺ!

አሮጊቷን እንደ ሕፃን ነው የምይዛት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሆዷን ከፍቼ የሸራውን ብናኝ በብሩሽ አወጣለሁ፣ በላምባ አጥባታለሁ፣ በየቀዳዳዋ ዘይት ጠብ ጠብ አደርጋለሁ። የመኪና ዘይት ነው ታዲያ! አንዱ ጎረቤታችን በምግብ ዘይት ቀብቶ መኪናው ውስጥ ሙጫ ሆኖበት አልቅሷል።

እና አሁን ስለ መርፌዋ ልንገርሽ፣ ይሄን ካልያዝሽ ነገሩ አይገባሽም። የቤት መኪና መርፌ ራሷ ላይ ባንድ ጎኗ ጠፍጣፋ ናት፣ ዞራ ብትከቻት አልገባም ትልሻለች። የከባዷ መኪና መርፌ ግን ራሷ ድብልብል ነው፣ እንደፈለግሽ ይገባል። ታዲያ ወገቧ ላይ ክሩ የሚተኛበት ቀጭን ቦይ አላት፤ ያ ቦይ ወደ ግራ መዞር አለበት፣ በአሮጊቷ ወደ ግራ። ትንሽ ዘወር ካለ ከስር የሚመጣው መንጠቆ ክሩን አያገኘውም፣ ስፌቱ ይዘላል። አንድ ይሰፋል ሁለት ይዘላል፣ አንድ ይሰፋል ሦስት ይዘላል። ከሩቅ ስታይው ግን የተሰፋ ነው የሚመስለው።

ታዲያ አንድ ዓመት፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ አሮጊቷ ስፌት መዝለል ጀመረች።

ጠዋት ቁጭ ብዬ ስረግጣት ድምፅዋ ደህና ነው፣ ሸራውን ሳገላብጥ ከድር "ጋሼ፣ እዚህ ጋ ዘልላለች" ይለኛል። ክር እቀይራለሁ፣ ያው ነው። አጠብቃለሁ፣ አላላለሁ፣ ያው ነው። ከዚያ ምሳ በልቼ ስመለስ፣ እንቺልኝ! ቀጥ ብላ ትሰፋለች! ጠዋት ትታመማለች፣ ከሰዓት ትድናለች። ይሄ የብረት ጠባይ ነው? ብረት ከተበላሸ ተበላሸ፣ ከዳነ ዳነ። እንዲህ የሚሆነው ሰው ሲኖርበት ነው አልኩ በሆዴ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት እንኳ ሌላ ሰው ነው፣ አምፖል የሸጠልኝን። ቤቱ እየጨለመብኝ ነበራ! "ደካማ አምፖል ነው የሰጠኸኝ" ብዬ ሳሪስ ድረስ ሄጄ ተጣላሁት። "አባቴ፣ መቶ ሻማ ነው፣ ላዩ ላይ ተጽፏል፣ ያንብቡት" አለኝ። ማንበብ? ጽሑፉንም ሆን ብለው ነው አደብዝዘው የሚጽፉት፤ ጋዜጣውንም እንዲሁ፣ ቀለም ሊቆጥቡ።

ከዚያ ወደ ከድር ዞርኩ። ምክንያቱም እኔ ምሳ ስሄድ ቤት የሚቀረው እሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ አልገጥም አለኝ። አርብ አርብ ከድር ከእኔ ቀድሞ ወደ መስጊድ ይሄዳል፣ እሱ ከሌለ እንግዲህ መኪናዋ ደህና መዋል ነበረባት አይደል? ጭራሽ አርብ ብሶባት ትውላለች! ሁለት ቀን አሰብኩ፣ በመጨረሻ ገባኝ አልኩ። "ለማስመሰል ነው! እሱ በሌለበትም ትበላሻለች እንዲባል ነው!" አስካለ እንጀራውን አቅርባ ስታየኝ ነበር፣ "ምን አልክ?" አለችኝ። "ምንም" አልኳት። እሷንም ለትንሽ ጊዜ ጠርጥሬያታለሁ፣ የከድር ሚስት የእናትሽ ወዳጅ ነበረችና።

ታዲያ ማጥመድ ጀመርኩ። መርፌዋን የሚያጠብቀው ቡሎን ላይ በጠመኔ ጭረት አደረግሁ፣ አሻግሬ ብረቱ ላይም ጭረት፣ ሁለቱ እንዲገጥሙ አድርጌ። ምሳ በላሁ፣ ተመለስኩ፣ ጎንበስ ብዬ በጣቴ ዳበስኩት፤ ጠመኔው የለም! ተጠርጓል! የሌባ ጣት ነክቶታል።

"ከድር፣ መኪናዋን ነካሃት?" አልኩት።

"አይ ጋሼ፣ ዘይት ጠብ ነው ያደረግኩላት" አለኝ፣ ዐይኑን ሸራው ላይ እንደተከለ።

ዋሸኝ! አየሽ፣ እስከዚያች ቀን ድረስ ጥርጣሬ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ግን ሰውየው እንደሚዋሽ አወቅሁ። ደግሞ በዚያው ሰሞን አንድ ደላላ መመላለስ አበዛ። ጫማው የተወለወለ፣ ላፍቶ ጭቃ መሃል ጫማው የማይቆሽሽ ሰው! "አሮጌ የስፌት መኪና የሚሸጥ አለ?" ይላል። እኔ ስመጣ ከከድር ጋር ሲያወሩ አገኛቸዋለሁ፣ እና ዝም ይላሉ። ነገሩ ተገጣጠመልኝ። ከድር ያሳምማታል፣ እኔ ተስፋ ቆርጬ እሸጣታለሁ፣ ደላላው ይገዛታል፣ ከዚያ ሁለቱ ሌላ ቦታ ይከፍታሉ። እንዲህ ነው ያልኩት። አሁን ስነግርሽ ራሴን አመመኝ።

በሐምሌ ነው፣ ዕድራችን አዲስ ድንኳን አዞናል፣ የድሮው በስብሶ ወንፊት ሆኖ። የሰፈር ዕድር ነው፣ እኔም አባትሽም አባል ነን፣ ሰው ሁሉ በዚያ ድንኳን ነው የሚለቀስለት፣ እና ሥራው ስም ነው። እኔ አንድ ቀን "ሳሪስ ክር ልገዛ ነው" ብዬ ወጣሁ። አልሄድኩም። በጓሮ ዞርኩና በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮለቅሁ። ከድር ብድግ አለ፣ በሩን አየ፣ ካቻቢቴ አነሳ፣ አሮጊቷ ላይ ጎንበስ አለ። የመርፌዋን ቡሎን ፈታ! ፈታ፣ አንድ ነገር አደረገ፣ መልሶ አጠበቀ፣ በመሐረቡ ጠራረገና ወደ መቀሱ ተመለሰ።

ስገባ የዕድሩ ዳኛ አቶ ወልዴ በፊት በር እየገባ ነው፣ "ድንኳኑ የት ደረሰ?" ሊል። ምነው ባልመጣ! "ድንኳኑ የት እንደደረሰ ይሄን ሌባ ጠይቀው!" አልኩ። "መኪናዬን የሚያሳምማት እሱ ነው! በዐይኔ በብረቱ አየሁት!"

አቶ ወልዴ፣ "ኧረ ተው ታደለ፣ ከድር እንዲህ ያለ ሰው አይደለም" አለ።

"አንተም አብረሃቸው ነህ?" አልኩት። ዳኛውን!

ከድር መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ቀስ ብሎ ነው ያስቀመጠው። ኮቱን ከሚስማሩ አወረደ። "ነካክተሃል አልነካካህም?" አልኩት። "ነክቻለሁ ጋሼ" አለ። "ምን ስትሠራ?" አንዱን እጅጌ አጠለቀ። "ተናገራ!" ሌላውን አጠለቀ። ከዚያ "እሺ ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ እጄን ከመኪናዎ አንስቻለሁ" አለና ወጣ። አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም። ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

እና እኔ ለብቻዬ ቀረሁ። አሁን ትድናለች አልኩ፣ ጠላቷ ሄዷል። ሐያት፣ ቀኑን ሙሉ ዘለለች! ጠዋትም ዘለለች ከሰዓትም ዘለለች። ድሮ የተዘለለውን የሚነግረኝ ከድር ነበር፣ አሁን በእጄ ስዳብሰው ነው ክሩ ሲላላ የማገኘው። "ሄዶም አልተዋትም፣ የሆነ ነገር አድርጎባታል" አልኩ። ሆዷን ፈታሁ፣ በላምባ አጠብኳት፣ መልሼ ገጠምኳት። አስካለ "ሰውየውን ይቅርታ ጠይቀህ ጥራው" ስትለኝ በምትኩ ጠበል አምጥቼ ረጨሁባት፣ በማግስቱ ዛገች። የሚያሳፍረው ምን መሰለሽ? ማታ ማታ መርፌዋን ነቅዬ በመሐረብ እየቋጠርኩ ነበር የምሄደው፣ አሁንም። ቤቱ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው የለም እኮ! ከማን ነበር የምደብቃት?

ድንኳኑን እንደምንም ጨረስኩት። በዘለለው ላይ ደግሜ ሰፋሁበት፣ ዘርግቼ ሳየው ያማረ መሰለኝ። አስረከብኩ።

ነሐሴ ውስጥ ጎረቤታችን እማማ ትብለጥ ዐረፉ። ድንኳኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የተተከለው ለሳቸው ነው። ሰዉ ገብቶ ሞላ፣ ለቅሶው ደመቀ፣ እኔ በር አካባቢ ተቀምጬ ስፌቴን ቀና ብዬ አያለሁ። ዝናብ መጣ። የነሐሴ ዝናብ ታውቂያለሽ። ውሃው ጣሪያው ላይ ተኛ፣ ሸራው ከበደው፣ ከዚያ ጠርርርር የሚል ድምፅ ሰማሁ። ያን ድምፅ እስክሞት አልረሳውም። የመሃሉ ስፌት ጫፍ ይዞ ተተረተረ! ውሃው በእማማ ትብለጥ ልጅ ራስ ላይ፣ በሐዘንተኛዋ ላይ ተደፋ። ሴቶቹ ጮኹ፣ አንዱ "ማነው ይሄን የሰፋው?" አለ። እንደ ተተከልኩ ቀረሁ።

ታዲያ ከኋላ አንድ ሰው ተነሳ። አግዳሚ ወንበር ስቦ ወጣበት፣ ሁለት እጁን ዘረጋ፣ የተተረተረውን ሸራ ግራና ቀኙን ጨምድዶ ያዘና ገጠመው። አባትሽ ነው። ውሃው በእጅጌው ገብቶ በሱሪው እየወጣ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ እጁን ሽቅብ እንዳደረገ ቆመ። ወንዶቹ "እንተካህ" ሲሉት "ግድ የለም፣ ይዤዋለሁ" ይላል። እኔን አንድ ጊዜ አላየኝም። እኔ ግን እሱን አየሁት፣ ያኔም ቢሆን ታዲያ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? "ለታይታ ነው" አልኩ። እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ለቅሶው አልቆ ድንኳኑ እንደተነሳ በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ከድር እርጥቡን ድንኳን በጋሪ አስጭኖ ደጃፌ ቆሟል። አልጠራሁትም።

"ጋሼ፣ ይሄ ተፈትቶ እንደገና ይሰፋ። ለእኔ ብለው ሳይሆን ለሰፈሩ" አለ።

"መኪናዋ አትሠራም፣ አንተ ታውቃለህ ለምን እንደማትሠራ" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ። "መርፌዋን ይክተቱልኝ፣ እኔ ቆሜ ልይ።"

መሐረቤን ፈታሁ። መርፌዋን አወጣሁ፣ ከተትኩ፣ ቡሎኑን አጠበቅሁ። እሱ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ነው የቆመው።

"ቦይዋ ወዴት ነው የሚዞረው ጋሼ?"

"ወደ ግራ ነዋ! አርባ ዓመት የሠራሁበትን አንተ ልትጠይቀኝ?"

"አሁን ወዴት ዞሯል? እስቲ ይዩት።"

ጎንበስ አልኩ። አየሁ። ራቅ ብዬ አየሁ። ቀረብ ብዬ አየሁ። መርፌዋ እንደ ፀጉር ታብለጨልጫለች እንጂ ቦይ የሚባል ነገር አይታየኝም። እና ምን አልኩ መሰለሽ? "ቦይ የላትም! የመርካቶ ነጋዴ የውሸት መርፌ ነው የሸጠልን!"

ከድር አልሳቀም። አውራ ጣቴን ያዘና ጥፍሬን በመርፌዋ ግራ ጎን ላይ አስኬደው፤ ልስልስ ነው። ወደ ቀኝ ጎን አዞረው፣ ጥፍሬ ስምጥ አለ። ቦይዋ እዚያ ናት፣ በቀኝ። በራሴ እጅ፣ አገላብጬ ነው የከተትኳት። ለስንት ጊዜ? በየጠዋቱ!

ዱቄት የሆንኩ መሰለኝ። ቁጭ አልኩ። "ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?" አልኩት።

"ከጥምቀት ወዲህ። ምሳ ሲሄዱ በጥፍሬ እየዳበስኩ አስተካክላት ነበር። አርብ ግን አይመቸኝም።"

"ደላላውስ?"

"ሰውየው ከመኪናዋ በፊት ይሞታል እንጂ አይሸጣትም ብዬ ነው የሸኘሁት።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም ከድር? ስድስት ወር ሙሉ! ሌባ ስልህ እንኳ በዳኛ ፊት፣ ለምን አልነገርከኝም?"

ምን አለኝ፣ "ምን ብዬ ልንገርዎ ጋሼ? ዐይንዎ ደክሟል ብልዎ፣ 'ዐይንህ ደክሟል ብሎ መኪናዬን ሊነጥቀኝ ነው' አይሉኝም?"

እል ነበራ! እል ነበር እንጂ! መሐረቤን ፊቴ ላይ አደረግሁት።

ድንኳኑን ሁለት ቀን ፈታን፣ ሦስት ቀን ሰፋን፣ እሱ መርፌዋን እየከተተ እኔ እየረገጥኩ፣ አሮጊቷ ዱብ ዱብ ዱብ እያለች አንድ ስፌት አልዘለለችም። እሑድ የዕድር ስብሰባ ላይ ተነሳሁና "ያን ቀን በዐይኔ በብረቱ አየሁ ያልኳችሁ፣ ያ ዐይን መርፌ እንኳ አያይም፣ ከድር ንጹሕ ነው፣ ውሃውንም ያፈሰስኩባችሁ እኔ ነኝ" አልኩ። የእማማ ትብለጥን ልጅ እግሯ ላይ ወደቅሁ። መነጽሩንም ከዚያ በኋላ ነው ያደረግሁት። መነጽር ሻጩን ግን ጠርጥሬው ነበር፣ ሦስት ቦታ ዞሬ ነው ያስለካሁት፣ ሃሃሃ!

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ መርፌዋን ማን ይዞ ይሄድ ነበር አትይኝም? አባትሽ ነዋ! እኔው ነቅዬ በመሐረቤ ቋጥሬ በእጁ እሰጠዋለሁ። ጠዋት ደግሞ፣ አልዋሽሽም፣ እሱ እስኪመጣ በር ላይ ቆሜ መንገድ መንገዱን አያለሁ። ጠባይ መቼ ይለቃል። አንድም ቀን ግን አላረፈደም።

ምነው እንዲህ ታዪኛለሽ ሐያት?

"አይ አባባ፣ እኔ ይሄን ዛሬ ገና መስማቴ ነው።"

እንዴ! አባትሽ አልነገረሽም?

"ስለ ድንኳኑ ሰፈር ውስጥ ሲወራ ሰምቼ ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። 'አሮጊቷ ያን ክረምት አሟት ነበር' ነው የሚለኝ። ሌላ ነገር ብሎኝ አያውቅም።"

አሟት ነበር አለ? ለአንቺም? እስከ ዛሬ? ... ቆይ፣ ቆይ፣ ያቺን ቀይ መብራት እንዳታጠፊያት። ቅርብ አድርጊልኝ። እየቀዳች ነው? እንግዲህ ትቅዳው፣ አባትሽም ይስማው፤ መኪናዋ ደህና ነበረች።